ስድስተኛዋ ልጅ

ተናኘ የሰው ልጅ መያዝ ታውቅበታለች። ይህን የሚመሰክሩት ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ልጆቻቸውን እሷ ዘንድ ትተው ወደ ሥራ የሚሮጡት እናቶች ብቻ አይደሉም፤ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተደረደሩት ሰርተፊኬቶችም ጭምር ናቸው። ቤቷ ውስጥ በከፈተችው ዴይኬር አምስት ሕፃናት ይውላሉ። አንዱ የሌላውን መኪና ቀምቶ ቤቱ በለቅሶ ሲናጋ ተናኘ አትቆጣም፣ አትጮኽም። ወለሉ ላይ ቁጭ ትልና ዓይኗን ከልጁ ዓይን ጋር አስተካክላ "ተናደድክ አይደል? እስቲ ንገረኝ" ትለዋለች። ጨዋታ ቆሞ ወደ ምሳ ሊኬድ ሲሆንም ድንገት አትነጥቅም፤ "አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል" ብላ አምስት ጣቷን ዘርግታ ታሳያለች፤ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር በዴይኬሩ ክፍል አይገባም። አዲስ ወላጅ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ "እኔ ጋ ስክሪን የለም" ትላለች፤ ስትለውም ደረቷን ነፋ ታደርጋለች።

የራሷ ልጅ ግን ፎቅ ላይ ናት፤ አልጋ ውስጥ፣ ከታብሌት ጋር።

ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ካለ ትንሽ ይታገስ፤ ተናኘ በራሷ ላይ የፈረደችው ለሁላችንም ይበቃል። ዴይኬሩን የከፈተችው እኮ ለዚህችው ልጅ ብላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 2013 ድረስ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ካሸር ነበረች። ዕድላዊት ያኔ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ነበረች፤ ቀኑን የምትውለው ከአንዲት ጎረቤት ጋር ነው። አንድ ቀን ልጅቷ ጎረቤትየዋን "ማሚ" ብላ ስትጠራ ተናኘ በጆሮዋ ሰማች። በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቀች፤ "ልጄን ሰው እጅ ላይ ከምጥላት የሰው ልጆች ሰብስቤ አብሬ አሳድጋታለሁ" አለች። ባሏ ይገዙም ጥሩ ሐሳብ ነው አለ፤ ነበርም።

ዕድላዊትን ግን ማንም አልጠየቃትም። እናቷ ቤት ቀረችልኝ ብላ ስትፈነድቅ፣ በማግስቱ ጠዋት አምስት ሕፃናት ከነዳይፐራቸው ገቡና እናቷን ተከፋፈሏት። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ገፈተረች። በሦስተኛው ሳምንት ኃይለልዑል የሚባለው፣ ገና አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ የተናኘ ጭን ላይ እንደተቀመጠ፣ ክንዱን ነከሰችው። አራቱ የላይኛውና አራቱ የታችኛው ጥርሷ ቁልጭ ብሎ ታተመበት።

የኃይለልዑል እናት ሄለን ነርስ ናት። ተናኘ ጋ ያሉትን ሌሎቹን አራት ልጆች ያመጣችው እሷ ናት፤ እናቶቻቸው የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ናቸው። ሄለን ክንዱን አገላብጣ አየችና አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻል ነበር። "ተንዬ፣ እወድሻለሁ። ግን እንዲህ የሚቀጥል ከሆነ ሌላ ቦታ ሉክ ማድረግ አለብኝ" አለች። የዚያን ዕለት ማታ ይገዙ ከሥራ ሲመለስ ታብሌት ይዞ መጣ። "ለትንሽ ቀን ነው፣ እስክትለምዳቸው" ተባባሉ። ያ ትንሽ ቀን ሁለት ዓመት ሞላው።

መልመዱንስ ለመደች። ከዚያ ወዲህ ዕድላዊት አልነከሰችም፣ አልገፈተረችም፣ ከደረጃውም አልወረደችም። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ትወርዳለች፣ በኩሽና በር ትገባለች፣ ብስኩቷን ይዛ ወደ ላይ ነው። ስትጠራ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ትመልሳለች። እናትና አባት "ጨዋ ልጅ ወጣችልን" ብለው የተመሰጋገኑበት ጊዜ ሁሉ ነበር፤ አሁን ያንን ስታስበው ተናኘ ፊቷን የምትደብቅበት ታጣለች።

ነገሩ የፈነዳው በ2015 ግንቦት ላይ የዕድላዊት አስተማሪ ኮል ስታደርግ ነው። ሕፃናቱ ተኝተው ነበር፤ ተናኘ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ጠረጴዛ እየወለወለች ታዳምጣለች። አስተማሪዋ በማንበብ ጎበዝ ናት አለች፤ ትጽፋለች፣ ትደምራለች፣ ታዛዥ ናት። ክፍል ውስጥ ግን አትናገርም። ባለፈው ሳምንት ሜዳ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ፣ ለማንም ሳትነግር ራሷ መታጠቢያ ቤት ሄዳ አጥባ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ የታወቀባት ካልሲዋ በደም ርሶ ነው። "ለምን አልነገርሽኝም?" ብላ ብትጠይቃት ልጅቷ ምን አለች? "ከሌሎቹ ልጆች ጋር ነበርሽ።"

ተናኘ ጨርቁን ይዛ ቆማ ቀረች። አስተማሪዋ ቀጥላ "ቤት ስትመጣ ምን ታደርጋለች?" ብላ ጠየቀች። "ከልጆች ጋር ትጫወታለች፤ ቤታችን ልጅ ሞልቷል" አለች ተናኘ፤ ውሸቱ እንዴት እንደዚያ ቀልጥፎ እንደወጣላት ለራሷም ገረማት። ለውጥ ከሌለ መስከረም ላይ ባለሙያ ባለበት እንነጋገራለን ተባብለው ስልኩ ተዘጋ።

ባለሙያ የሚለውን ቃል ይዛ ወሩን ሙሉ ተንገላታች። እኛ አገር ሰው መሀል ወሬ አይጠፋም፤ እገሊት ልጇን ተነጠቀች፣ የእገሌን ቤት መንግሥት መጥቶ ፈተሸ የሚል። ተናኘ ማንም እንደማይወስድባት ልቧ ያውቃል፤ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር በመስኮት አጮልቃ ሳታይ አትከፍትም። ከዚያ ሁሉ በላይ የከነከናት ግን ሌላ ነው፦ ልጄ ስትደማ ካልጠራችኝ እኔ ምኗ ነኝ?

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በሰኔ የመጀመሪያው ሰኞ፣ ተናኘ ጨከነች። ዕድላዊት ፊቷን ስትታጠብ ታብሌቱን ወስዳ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ወሸቀችው። የአምስት ደቂቃው ጨዋታ፣ ጣት ማሳየቱ፣ ወለል ላይ መቀመጡ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ከዚያማ ጉድ ፈላ። ያች ድምፅ የሌላት ልጅ ድምፅ አወጣች። ትጮኻለች፣ በሩን ትደበድባለች፣ "ጊቭ ኢት ባክ!" ትላለች፤ ታች ያሉት አምስቱም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት ያለቅሱ ጀመር። ያን ዕለት ደግሞ ሄለን ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ከተፍ አለች።

"ማናት እንዲህ የምታለቅሰው?"

"ዕድል ናት። ጥርሷን አሟት ነው።"

"ውይ! ልያትና?" ሄለን ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ ነርስ አይደለች እንዴ።

"አይ፣ አይ፣ መድኃኒት ሰጥቻታለሁ፣ አሁን ይተዋታል" አለች ተናኘ ደረጃው ፊት ቆማ። ሄለን ወደ ላይም ወደ እሷም አየት አድርጋ ልጇን ይዛ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ተናኘ ማሽኑን በጉልበቷ ገፍታ ታብሌቱን አወጣች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ፎቅ ወጥታ ሰጠች። ጩኸቱ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። የልጅቷን ጩኸት ችላው ነበር፤ ዝምታው ነው ያስፈራት።

ይገዙ ማታ ሲሰማ ጦፈ። እሱ ከሄርንደን አጠገብ ደለስ አየር ማረፊያ የኪራይ መኪና ደንበኞችን በሻትል የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስቸኩለው ስለሚውል ማታ ለሁሉም ነገር አጭር መፍትሔ አለው። "ነገ ወስጄ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምወረውረው! ካልሆነ አገር ቤት እናቴ ጋ ትሂድና ሰው ሆና ትመለስ" አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ከእጁ ስልክ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ተናኘ ይህን አይታ ልትናገር ብላ ተወችው፤ የራሷም ስልክ ከሳህኑ አጠገብ እየበራ ነበርና።

በሳምንቱ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ትሬኒንግ ነበራት። የዴይኬር ላይሰንስ ያላቸው ሴቶች በየዓመቱ የሥልጠና ሰዓት መሙላት አለባቸው፤ ይሄኛው በአማርኛ ስለሚሰጥ ሃያ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ተሰብስበዋል። የምታስተምረው ወይዘሮ አረጋሽ ለሃያ ዓመት ዴይኬር ያስተዳደረች፣ ፀጉሯ የነጣ፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት። ርዕሱ ልጅን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሳያስለቅሱ ማሸጋገር ነው። ተናኘ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እጇን ላንሣ አላንሣ ስትል ቆይታ መጨረሻ ላይ አነሣች።

"እትዬ አረጋሽ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። እኔ ጋ የምትውል አንዲት ልጅ አለች…"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ስድስት ተኩል። ታብሌት ከእጇ አይወጣም። ከወሰዱባት ቤቱን ታፈርሰዋለች።"

"አንቺ ጋ ስክሪን ትፈቅጃለሽ እንዴ?" ስትል ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ዞር አሉ።

"ኧረ እኔ አልፈቅድም! ከቤቷ ይዛው ነው የምትመጣው።"

"እናቷስ ምን ትላለች?"

ተናኘ ደብተሯን ገለጠች። "እናቷ… ሥራ ይበዛባታል። ጥሩ ሴት ናት፤ ልጇንም ትወዳለች። ጊዜ ነው ያጣችው።"

"እሺ። ልጅቷ እዚያ ውስጥ ምን ታያለች?"

"ካርቱን ይመስለኛል።"

"ይመስልሻል?" አለች ወይዘሮ አረጋሽ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለበትም። "የኔ ልጅ፣ ከመንጠቅሽ በፊት አጠገቧ ቁጭ በይ። 'ምን እያየሽ ነው? እኔም ልይ' በያት። አትምከሪ፣ አትገሥጪ፣ ዝም ብለሽ አብረሻት እዪ። አምስት ደቂቃ ምናምን የምንለው ከዚያ በኋላ ነው የሚሠራው። ለእናቷም ንገሪያት፤ ግን እንዳታሳፍሪያት። ካፈረች ትዋሽሻለች፣ ከዚያ ለልጅቷ ማንም አይደርስላትም።"

ተናኘ የምትጽፍ መስላ አቀረቀረች። ደብተሯ ላይ አንድም ቃል አልሰፈረም። የገዛ ልጇን የሰው ልጅ አድርጋ በሃያ አምስት ሴት ፊት መናገሯ እንጂ ሌላ ነገር አልታያትም፤ ወደ ቤት ስትነዳ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች።

ሰኞ ከሰባት ሰዓት በኋላ አምስቱ በየፍራሻቸው ተኙ። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ትጠርጋለች፤ ጠርጋ ስትጨርስ ስልኳን ይዛ ቁጭ ትላለች። ዛሬ ግን ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ የሕፃናቱን ትንፋሽ የሚያሰማውን መሣሪያ ወገቧ ላይ ሰክታ፣ ሐብሐብ ቆራርጣ ይዛ ፎቅ ወጣች። ከሕፃናቱ ሩቅ መሄድ ስለማይፈቀድ በሮቹን ሁሉ ከፍታ ነው። ዕድላዊት አንሶላ ውስጥ ገብታ ጉልበቷን አጥፋለች። እናቷን ስታይ ታብሌቱን በደረቷ ደፋችው።

"አልወስድብሽም፤ እውነቴን ነው። ምን እያየሽ ነው? እኔም ልይ?"

ተናኘ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መቀመጥ ብቻ ይህን ያህል እንደሚከብድ አታውቅም ነበር፤ እጇ ልማድ ሆኖበት ትራሱን ሊያስተካክል፣ አንሶላውን ሊያጥፍ ይላል። ሐብሐቡ ላብ አወጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጅቷ አንድ ጋት ያህል ፈቀቅ አለችላትና ታብሌቱን ገለበጠችው።

ስክሪኑ ላይ ካርቱን የለም። ጨለም ያለ ክፍል ነው፤ ወለሉ ላይ አምስት ትንንሽ ፍራሾች፣ ጥግ ላይ የቆመ መጥረጊያ። ተናኘ የራሷን ቤት ለማወቅ ጊዜ ፈጀባት። ባለፈው ዓመት ወላጆቹ ከሥራ ቦታቸው ልጆቻቸውን በስልካቸው ማየት እንዲችሉ ሄለን "ካሜራ ብታስገቢልን" ብላ ጠይቃት ነበር። ይገዙ ነው የሰቀለው፤ ሴትአፕ ያደረገው በዚህ ታብሌት ሲሆን ከዚያ ላይ መጥፋት እንዳለበት ማንም ልብ አላለም።

"ይሄ የእኛ ቤት አይደል እንዴ?" አለች ተናኘ።

"የስ።"

"እነሱ እኮ ተኝተዋል። ምን ታያለሽ?"

"አንቺን" አለች ዕድላዊት። "ዩ ዌር ስዊፒንግ። ከዛ ጠፋሽ።"

"ሁልጊዜ እኔን ነው የምታዪው?"

ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። "ሳምታይምስ ካርቱን። አንቺ ስትዘፍኚ ግን ቮልዩሙን ከፍ አደርገዋለሁ።"

ሁለት ዓመት፣ ቢያንስ ካሜራው ከገባ ወዲህ ያለውን ዓመት በሙሉ፣ ተናኘ ታች ያደረገችው ነገር ሁሉ በዓይኗ መጣባት። ኃይለልዑልን አዝላ ስትዞር፣ ሌላዋን ሕፃን አንገቷ ሥር ስማ ስታስቃት፣ "ማነው የኔ ጎበዝ?" ስትል። ይህን ሁሉ ልጇ ከአሥራ አራት ደረጃ በላይ ሆና፣ አንሶላ ውስጥ፣ በታብሌት መስታወት አይታዋለች። የመጀመሪያ ሐሳቧ እዚያው ላይ ካሜራውን ከታብሌቱ ማጥፋት ነበር፤ ጣቷንም ዘረጋች። ከዚያ እጇን ገታች። ይህንንም ካጠፋሁባት፣ ከጠዋት እስከ ማታ እናት የሚባል ነገር ጨርሶ አይኖራትም ብላ ፈራች። ጣቷን መልሳ ሐብሐብ አነሣችና አጎረሰቻት። ሕፃናቱ እስኪነቁ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ብቻውን የቆመውን መጥረጊያ አዩ።

በማግስቱ ተናኘ ሕፃናቱን ከብባ ስትዘፍን ድንገት ቀና ብላ ወደ ካሜራው አየችና እጇን አውለበለበች። አውለብልባ ጆሮዋን ወደ ፎቅ ጣለች። ምንም የለም። ከምሳ በፊት ደግሞ "ዕድሌ፣ አምስት ደቂቃ ቀርቶሻል፤ ከዚያ ምሳ ከእኛ ጋር ነው" ብላ ለካሜራው አምስት ጣቷን አሳየች። አምስት ደቂቃው አለፈ፤ ደረጃው ላይ ማንም የለም። ሳህኑን ራሷ ወስዳ አደረሰችላት፤ አልተቆጣችም፣ ግን ፈርታለች። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ላይ የሄለን ቴክስት ገባ፦ "ለማን ነው እንደሱ የምታውለበልቢው?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተናኘ አንድ ነገር ትፈጥር ነበር። ማታ ሄለን ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ግን ደጃፍ ላይ አቁማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ታብሌቱን፣ የጥርሱን ውሸት፣ የካሜራውን ነገር። "ወደ ታች ላወርዳት እየሞከርኩ ነው። ኃይለልዑልን እንዳትነክስብኝ ፈርቼ ነበር ያራቅኳት። አሁንም እፈራለሁ። ልጅሽን ትወስጃለሽ ብዬም እፈራለሁ።"

ሄለን ልጇን ከወለሉ አንሥታ አቀፈችው። "እኔም እኮ ብሬክ ላይ ስሆን በስልኬ የማየው እሱን ነው" አለች ቀስ ብላ። "አስር ደቂቃ አይቼው መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።" ከዚያ ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችና "ሞክሪ ተንዬ። ግን ዓይንሽን ከላያቸው እንዳትነቅዪ" አለች። ይህ ይቅርታም ማስጠንቀቂያም ነበር፤ ተናኘ ሁለቱንም ይዛ ገባች።

ከዚያ ቀኑ በደረጃ ይቆጠር ጀመር። በሦስተኛው ቀን ላይኛው በር ሲጥ ሲል ሰማች። በአራተኛው ቀን ዕድላዊት ታብሌቷን ታቅፋ ከላይ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ታች ያለውን ክፍል በአሥራ አራት ደረጃ ርቀት ላይ ሆና በስክሪን ታየዋለች። በቀጣዩ ሳምንት አጋማሽ ሁለት ደረጃ ወረደች፤ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምታ ሁለቱንም ተመለሰች። ተናኘ ወደ ደረጃው አትሄድም፣ "ነይ" አትልም፤ በየመሀሉ እጇን ማውለብለብ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አምስት ጣት ማሳየት ብቻ። ማታ ማታ ደግሞ ከይገዙ ጋር ሌላ ትግል ነበር። ሰው ሁሉ ቤት ሲገባ ስልኩን ጫማ መደርደሪያው ላይ ከጫማው ጋር እንዲያስቀምጥ ተወሰነ፤ ታብሌቱም እዚያው። ይገዙ የመጀመሪያውን ሳምንት ጫማዬን ልይ እያለ አሥር ጊዜ ይነሣ ነበር። "ሥራ ቢደውሉልኝስ?" ይላል። ዕድላዊት ከሶፋው ጥግ ሆና ሲመላለስ ታየዋለች፤ አንድ ቀን ሳቅ እንዳመለጣት ተናኘ እርግጠኛ ናት።

በሐምሌ አጋማሽ ልጅቷ ክፍሉ በር ላይ ደረሰች። ኃይለልዑል የዚያን ሰዓት፣ ሌላ ሰዓት የጠፋ ይመስል፣ ተናኘ ጭን ላይ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ እያስነበባት ነበር። ዕድላዊት ቆማ አየችው። ተናኘ የልጁን ክንድ በእጇ ሸፈን አደረገች፤ ያደረገችውን ልጇ እንዳየችባት ስታውቅ እጇን አነሣች። "ልዑል አምስት ደቂቃ አለው። ከዚያ የዕድል ተራ ነው" አለች። ዕድላዊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ቆመች። ደቂቃው ሲሞላ ኃይለልዑል አልወርድም ብሎ ተለጠፈ። ልጅቷ ጠጋ አለች፤ አፏ ተከፈተ።

"ተራዬ ነው" አለች ዕድላዊት።

ወረደ። እሷ ወጣችና ተቀመጠች። ስድስት ዓመት ተኩል ለጭን ትልቅ ነው፤ እግሯ ወለል ይነካል። እንደ እንግዳ ቀጥ ብላ ነበር የተቀመጠችው፤ ጀርባዋን አላስደገፈችም፣ አልተናገረችም። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ተነሥታ ወደ ላይ ሄደች። ተናኘ ደስ ሊላት ሲገባ ይባስ ፈራች፤ ልጅቷ የመጣችው ተራዋን ለመጠበቅ እንጂ ለእናቷ እንዳልሆነ ታያት። መስከረምም እየቀረበ ነው።

አንድ ሐሙስ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ እናቶቹ እንደ ልማዳቸው ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምረው ይመጡ ጀመር። ደወል ይደወላል፣ ልጅ ይሮጣል፣ እናት ትታቀፋለች፣ ተናኘ በር ላይ ቆማ የውሎውን ትነግራለች፤ ምን እንደበላ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ እንዳለቀሰ እንዳላለቀሰ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ሕፃን ሄደች። ተናኘ ፍራሾቹን አጣጥፋ ዞር ስትል ዕድላዊት መግቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አድርጋለች፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላለች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። ታብሌቱ አብሯት የለም።

"ዕድሌ፣ ወዴት ነው?"

ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ አጠበቀች።

"የት ልትሄጂ ነው የኔ ልጅ?"

"አይ አም ዌይቲንግ።"

"ማንን?"

የዕድላዊት ዓይን በሩ ላይ ነው። ተናኘ ትታኝ ልትሄድ ነው፣ ይገዙ አገር ቤት ያለውን ሰምታ ነው፣ ቦርሳዋን ያዘጋጀችው ለዚያ ነው ብላ በአንድ ጊዜ መቶ ነገር አሰበች። እንደገና አየቻት። ሸሚዟን አስገብታለች፣ ፀጉሯን በውኃ አስተኝታለች፤ ሕፃናቱ እናቶቻቸው ሊመጡ ሲሉ ተናኘ እንደምታደርግላቸው።

ከዚያ ገባት። ምንም ሳትናገር በኩሽናው በር ወጣች፤ በቤት ጫማዋ ቤቱን ዞረች፤ ሣር የሚያጠጣው ጎረቤት ቀና ብሎ ሲያያት ሰላምታም አልሰጠችው። የራሷ በር ፊት ቆመችና ደወሉን ተጫነች። ከውስጥ ድምፅ የለም። ተሳስቼ ይሆን? እዚያ አግዳሚ ላይ የምትጠብቀው ሌላ ሰው ቢሆንስ? ሁለተኛ ለመደወል እጇን ስታነሣ የበሩ እጀታ ተንቀሳቀሰ።

ዕድላዊት በሩን ከፍታ መሀሉ ላይ ቆመች። አገጯን ቀና አድርጋለች፤ አቋቋሙ የተናኘ ነው፣ ድምፁም የተናኘ፣ አማርኛውም አንድ ቃል ያልጎደለው የተናኘ አማርኛ።

"እንደምን ዋልሽ። ዛሬ ጎበዝ ነበረች። ምሳዋን ጨርሳለች። ትንሽ አልቅሳለች፤ ግን ካሜራ የሌለበት ቦታ ነው።"

ተናኘ ለወላጆች የምትለው ነገር ሞልቷት ነበር፤ ወላጅ ሆና ግን ምን እንደሚባል ጠፋባት። በየቀኑ እዚሁ ደጃፍ ላይ ከሥራ ሮጠው የሚደርሱት እናቶች የሚሉትን አሰበች።

"ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት" አለች። "ይቅርታ፣ በጣም ዘገየሁ።"

ዕድላዊት ትንሽ አሰበች። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ለእናቷ ሰጠችና፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ፣ ወጣች።